የከሰል ቆፋሪውን ቅድመ አያት ፍለጋ፦ ፋሚሊሰርች የተባለው ነጻ አገልግሎት እስከ የት ያደርሳል?

አማቴ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ስለ አባታቸው አያት የሚያውቁት ግን እስከ ዘንድሮ ድረስ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «በዱርሃም ከሰል ሲቆፍር ኖረ፤ እዚያው ሞተ።» ዱርሃም በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኝ አውራጃ ነው። ይህች ዐረፍተ ነገር ወደ አንድ ሰው ሙሉ ሕይወት ልትዘረጋ ትችል እንደሆነ ለማየት፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው በልጅነታቸው የሰሙትን እያስታወሱ፣ እኔም የሚነግሩኝን እየጻፍሁ፣ ፋሚሊሰርች የተባለውን ነጻ የቤተሰብ ታሪክ መፈለጊያ ድረ ገጽ ለአራት ወራት ያህል ስንጠቀም ቆይተናል። ከዚህ በታች የማቀርበው የዚያን አገልግሎት ግምገማ ነው። ብቻውን የሚበቃ ስላልሆነ ከጎኑ ልንጠቀምባቸው ግድ የሆኑብንን ሁለት ሦስት ሌሎች ምንጮችም አነሣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ መለኪያዬን ልናገር። የባለርስትና የመኳንንት ቤተሰብ ሲሆን ሰባት ቤት መቁጠር አያስቸግርም፤ ርስቱ፣ ኑዛዜው፣ የሙግቱ መዝገብ፣ በግድግዳ የተሰቀለው ሥዕል ሁሉ ይመሰክራል። በጉልበቱ ያደረ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ በገዛ እጁ የጻፈው ነገር አይገኝም። መዝገብ ላይ የሚወጣው ሌላ ሰው ሊቆጥረው፣ ሊያጠምቀው፣ ሊያጋባው፣ ሊቀብረው ወይም ሊከሰው ብዕር ባነሣ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አገልግሎት ለሠራተኛ ቤተሰብ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን የምመዝነው በሁለት ጥያቄዎች ነው፦ ከእነዚያ ጥቂት ቀናት ስንቱን ያሳየኛል? የሚያሳየኝስ ሌላ ሰው የገለበጠውን ቃል ነው ወይስ ገጹን ራሱን?

ፋሚሊሰርችን የሚያስተዳድረው የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሥሩ በ1894 በአሜሪካ፣ በዩታ ከተቋቋመው የዘር ሐረግ ማኅበር ይመዘዛል። ማኅበሩ በ1938 መዛግብትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመረ፤ ድረ ገጹ በ1999 ተከፈተ፤ ወደ 2.4 ሚሊዮን የሚጠጉትን የማይክሮፊልም ጥቅሎች ወደ ዲጂታል የመለወጡ ሥራም በ2021 ተጠናቀቀ። ለመጠቀም መመዝገብ እንጂ መክፈል አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን የምታደርገው በራሷ እምነት ተነሣሥታ ሲሆን ተጠቃሚው የእምነቱ ተከታይ እንዲሆን አይጠየቅም፤ ይህን የምጽፈው አማቴ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ ጉዳይ ስለነበረ ነው።

ፍለጋው ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው መሄድ አለበት። በእጃችን የነበረው የአማቴ አያት የልደት ምስክር ወረቀት ነበር፤ በ1880 ሲሃም በተባለው የከሰል መንደር መወለዱን፣ የአባቱን ስምና ሥራ፣ የእናቱንም ስም ከነቀድሞ የቤተሰብ መጠሪያዋ ይዟል። ከዚህ ተነሥቼ የ1881ን የሕዝብ ቆጠራ ከፈትሁ። ይህን ቆጠራ በጎ ፈቃደኞች ሙሉ በሙሉ ገልብጠውታል፤ ግልባጩም በፋሚሊሰርች ላይ ያለ ክፍያ ይነበባል። የሰውየውን ስም፣ የትውልድ ዓመቱን ከሁለት ዓመት ማወላወያ ጋር፣ የሚስቱንም ስም አስገባሁ። ሦስተኛው ውጤት እሱ ነበር፦ የቤቱ አባወራ፣ 33 ዓመት፣ ከሰል ቆፋሪ። ከሥሩ ሚስቱና አምስት ልጆች ተዘርዝረዋል፤ የመጨረሻው፣ ገና ዓመት ያልሞላው ሕፃን፣ የአማቴ አያት ነው።

የልጆቹን የትውልድ ቦታ ማንበብ የቤተሰቡን የጉዞ ካርታ እንደ ማንበብ ነበር። የመጀመሪያዋ ቶርንሊ፣ ሁለተኛው ዊንጌት፣ ሦስተኛውና አራተኛዋ ሃስዌል፣ የመጨረሻው ሲሃም። በአሥር ዓመት ውስጥ አራት መንደር፣ ሁሉም የከሰል መንደር። የዱርሃም ቆፋሪዎች እስከ 1872 ድረስ ሲቀጠሩ የኖሩት «ቦንድ» በተባለ የጊዜ ገደብ ባለው ውል ነበር፤ የሚኖሩበትም ቤት በአብዛኛው የማዕድኑ ባለቤት ንብረት ስለነበረ ሥራ መልቀቅ ማለት ቤት መልቀቅ ማለት ነበር። ውሉ ከቀረ በኋላም እንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ መንከራተቱን እንዳልተወ ይህ አንድ ገጽ ይመሰክራል። አባቱ ወይም እናቱ ያልነገሩትን የልጆቹ የትውልድ ዓምድ ይናገራል፤ ስለዚህ ግልባጩን የሚያነብ ሰው በአባወራው መስመር ላይ እንዳይቆም አጥብቄ እመክራለሁ።

ቆጠራው የተካሄደው ኤፕሪል 3 ቀን 1881 ነው። ከሰባት ወር በፊት፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1880፣ በሲሃም ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 164 ወንዶችና ልጆች አልቀዋል። ይህን ሳውቅ በዚያው መንደር የተመዘገቡትን ቤቶች አንድ በአንድ መክፈት ጀመርሁ። አባወራ በሚጻፍበት ቦታ ላይ የሴት ስም፣ በጋብቻ ዓምድ «ባሏ የሞተባት»፣ ዕድሜዋ 28፣ ቀጥሎ 34፣ ቀጥሎ 26፣ ከሥራቸው ልጆች፣ ከልጆቹ ሥር ደግሞ ኪራይ የሚጋሩ ደባሎች። የእኛ ቆፋሪ በዚያ ቀን ከጉድጓዱ ውጭ ነበር ወይስ ከተረፉት አንዱ ነበር? ግልባጩ አይመልስም። ነገር ግን አማቴ ጽዋውን አስቀምጠው «ከእነዚህ ቤቶች አንዱ የእኛ ቢሆን ኖሮ እኔ አልኖርም ነበር» ሲሉ፣ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ለምን ከጎረቤቶቹ ጋር መነበብ እንዳለበት ከዚያ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

ከ1881 ወደ ኋላ ስሄድ ግን ተሰናከልሁ፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። በ1871 ቆጠራ አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸው ሁለት ሰዎች ተገኙ፤ የሚስቶቻቸውም ስም አንድ ነበር። አንዱ ቶርንሊ፣ ሌላው ትሪምደን። የትሪምደኑ ገጽ ጥርት ያለ ስለነበረ ልቤ ወደ እሱ አደላና ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰው አያት ስከታተል ከረምሁ። የመለሰኝ የእንግሊዝና የዌልስ አጠቃላይ የምዝገባ ቢሮ የራሱ የስም ማውጫ ነው። የመንግሥት ምዝገባ በጁላይ 1 ቀን 1837 የተጀመረ ሲሆን፣ የቆየው ማውጫ የእናትን የቀድሞ የቤተሰብ ስም ማሳየት የጀመረው ከ1911 ወዲህ ነው። ቢሮው ከ2016 ጀምሮ በድረ ገጹ ያቀረበው አዲስ ማውጫ ግን ይህን ስም ከመነሻው ከ1837 ጀምሮ ያሳያል። የትሪምደኑ ሰው ልጆች እናት ከሌላ ቤተሰብ የተወለደች ሆና ተገኘች፤ የቶርንሊው ገጠመ። በሠራተኛው ዘንድ ጥቂት የመጠሪያ ስሞች በብዙ ሰው ላይ ስለሚደጋገሙ፣ ከስም፣ ከዕድሜና ከሥራ በተጨማሪ አራተኛ ማረጋገጫ ሳይያዝ ወደ ቀጣዩ ትውልድ መሻገር አይገባም።

የፋሚሊሰርች መፈለጊያ እዚህ ላይ ምስጋና የሚገባው ነገር አለው። በስም ውስጥ ለማይታወቅ አንድ ፊደል የጥያቄ ምልክት፣ ለማይታወቁ ብዙ ፊደላት ደግሞ ኮከብ ማስገባት ይቻላል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ስሙን በዱርሃም አነጋገር ሲናገር፣ ቆጣሪው እንደሰማው ሲጽፍ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ገልባጩ እንደመሰለው ሲያነብ፣ ስሙ በሦስት እጅ ተለውጦ ነው የሚደርሰን። የእኛ ሰው በ1861 ቆጠራ የተገኘው የቤተሰቡን ስም ባዶ ትቼ የእሱንና የእናቱን መጠሪያ ስም ከመንደሩ ጋር ብቻ ስፈልግ ነው። ሌላም ዘዴ አለ፤ የልጁን ስም ባዶ ትቶ የአባትና የእናትን ስም ብቻ ካስገቡ የእነዚያ ወላጆች ልጆች የጥምቀት መዝገብ በአንድነት ሊወጣ ይችላል። ወንድምና እህት መኖራቸውን እንኳ ያላወቅናቸውን ሁለት ሰዎች ያገኘነው በዚህ ነው።

በ1861 ልጁ 13 ዓመቱ ነው፤ ሃስዌል ይኖራል፤ ሥራው ከምድር በታች የከሰል ጋሪ የሚስብ ፈረስ መንዳት ነው። እናቱ ባሏ የሞተባት ተብላለች። በ1851 ደግሞ የሦስት ዓመት ሕፃን ሲሆን አባቱ በሕይወት አለ፤ እሱም ከሰሉን ከግድግዳው የሚፈነቅል ቆፋሪ ነው። በዱርሃም ማዕድን የአንድ ሰው ዕድሜ በሥራው ስም ሊታወቅ ይችላል ማለት ይቻላል፤ ሕፃኑ የአየር ማስተላለፊያውን በር ይከፍትና ይዘጋል፣ ከፍ ሲል ፈረስ ይነዳል፣ ጎረምሳ ሲሆን ጋሪ ይገፋል፣ ሙሉ ሰው ሲሆን ይቆፍራል፣ ሲያረጅ ወደ ላይ ወጥቶ ድንጋይና ከሰል ይለያል። ግልባጩ እነዚህን ሁሉ አንዳንዴ «የከሰል ሠራተኛ» ብሎ ያጠቃልላቸዋል፤ ስለዚህ የሥራውን ትክክለኛ ስም ለማወቅ የገጹን ፎቶ ማየት የግድ ነው።

የአባቱ ሞት ከ1851 እስከ 1861 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ስለታወቀ ከምዝገባ ቢሮው ማውጫ 1857ን አገኘንና የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ከፍለን አስመጣን። የሞቱ ምክንያት ከጣሪያ የወደቀ ድንጋይ ነው። ሞቱን ያስመዘገበው የቤተሰብ ሰው ሳይሆን የአሟሟት መርማሪው መሆኑ ደግሞ ምርመራ ተካሂዶ እንደነበር ያሳያል። ለዚህ ዓይነቱ ሞት በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው የዱርሃም የማዕድን ሙዚየም ድረ ገጽ በየማዕድኑ የሞቱትን በስም የሚዘረዝር ስለሆነ ከምስክር ወረቀቱ ጋር አስተያይቶ ማየት ይጠቅማል። በ1842 የወጣው ሕግ ሴቶችን በጠቅላላና ዕድሜያቸው ከአሥር በታች የሆኑ ወንዶች ልጆችን ከምድር በታች እንዳይሠሩ ከልክሏል። ልጁ የተወለደው በ1847 ነውና አባቱ በሞተበት ዓመት ሕጉ የሚፈቅድለት ዕድሜ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ጉድጓድ መውረዱን የሚናገር ወረቀት የለንም፤ ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ጽፈን አማቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመልክተዋቸዋል።

ስለ ልደቱ ስንመጣ ፋሚሊሰርች ለእኔ ከሁሉ የላቀ ዋጋ ያገኘበት ቦታ ነው። የልጁ ልደት በመንግሥት ማውጫ ላይ አልተገኘም። ይህ ለዘመኑ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከ1875 በፊት ወላጅ ልጁን ባያስመዘግብ የሚያስጠይቀው ጠንካራ ግዴታ ስላልነበረ ሳይመዘገቡ የቀሩ ልጆች አሉ። ያለው አማራጭ የጥምቀት መዝገብ ነው። የእንግሊዝ ሰበካዎች የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እንዲይዙ የታዘዙት በ1538 ሲሆን፣ ካህናቱ በየዓመቱ ቅጂውን ለጳጳሱ የመላክ ልማድ ነበራቸው። እነዚህ ለዱርሃም ሀገረ ስብከት የተላኩ ቅጂዎች በፋሚሊሰርች ላይ ፎቷቸው ሳይቀር ያለ ክፍያ ይታያሉ። ስሙን በመፈለጊያው ባላገኘውም፣ ሃስዌል ያኔ በኢዚንግተን ሰበካ ሥር እንደነበረ ካወቅሁ በኋላ የኢዚንግተንን የ1847 ገጾች እንደ መጽሐፍ እየገለጥሁ ማንበብ ጀመርሁ።

በአሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ተገኘ። ከ1813 ጀምሮ የታተመ ቅጽ ግዴታ ስለሆነ ገጹ ስምንት እኩል ሣጥኖች አሉት፤ በእያንዳንዱም የልጁ ስም፣ የወላጆች ስም፣ መኖሪያ፣ የአባት ሥራ፣ ያጠመቀው ካህን ስም ይጻፋል። የቤተሰቡ ስም የመጀመሪያ ፊደል ላይ ቀለም ፈስሶ ነበርና ገልባጩ በሌላ ፊደል አንብቦታል፤ በመፈለጊያው ያልወጣውም ለዚህ ነው። የገጹን ብርሃን ቀንሼ ቀለሙን ስገለብጠው፣ ማለትም ጥቁሩን ነጭ ነጩን ጥቁር ሳደርገው፣ ከቀለሙ ሥር የፊደሉ አንገት ብቅ አለ። በአባት ሥራ ሣጥን ውስጥ የተጻፈችው አጭር የዱርሃም ቃል «ፒትማን» ናት፤ የጉድጓድ ሰው ማለት ነው። ካህኑ የሰውየውን ሥራ ራሱ ሠራተኛው በሚጠራበት ቃል መጻፉ ደስ አሰኝቶኛል። ሆኖም ይህ ከዋናው የተገለበጠ ቅጂ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ በዓመት አንድ ጊዜ በሚደረግ ግልበጣ ስም ሊዘለል፣ ቀን ሊሳሳት ይችላል።

አሁን ወደ ድክመቶቹ ልለፍ። ፋሚሊሰርች ላይ ያለው የቤተሰብ ዛፍ ለሁሉም አንድና የጋራ ነው፤ የሞተ ሰው ገጽ በማንኛውም ተመዝጋቢ ሊታረም ይችላል፤ በሕይወት ያለ ሰው መረጃ ግን ለሌላ አይታይም። አሠራሩ ዘመድ ከዘመድ ያገናኛል፤ በዚያው ልክ ግን እኔ የሠራሁትን የሁለት ሞክሼዎች ስሕተት ዓይነት በአንድ ጠቅታ ለሁሉም ያዳርሳል። ምንጭ ሳይያያዝበት የተጻፈን ወላጅ እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ መረጃ መቀበል የለብንም። እኔ የራሴን ዛፍ በወረቀት ይዤ፣ እያንዳንዱ መስመር በምን መዝገብ እንደ ተረጋገጠ ጎኑ ላይ እየጻፍሁ፣ በጋራው ዛፍ ላይ ያስገባሁት ሦስት ማስረጃ የተገኘለትን ብቻ ነው። በ2024 የቀረበው በሰው ሠራሽ አስተውሎት በእጅ የተጻፉ ሰነዶችን ሙሉ ቃል የሚፈልገው መሣሪያም አስደናቂ ነው፤ ነገር ግን ርስትና ኑዛዜ ላልተወ ቆፋሪ ብዙም አልፈየደልኝም።

ሁለተኛው ድክመት የተቆለፉ ገጾች መኖራቸው ነው። አንዳንድ ፎቶዎች የሚታዩት በፋሚሊሰርች ማዕከላት ወይም ስምምነት ባላቸው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ የብዙዎቹ የእንግሊዝ ቆጠራዎች የገጽ ፎቶ ደግሞ ወደ ክፍያ ድረ ገጽ ይመራል። ይህ መዛግብቱን የያዙ አካላት ያደረጉት ውል ውጤት ስለሆነ አገልግሎቱን ብቻ አልወቅስበትም። እኔ የደረሰብኝ ሌላ ነው፤ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የክፍያ ድረ ገጽ ለሙከራ የሰጠኝ ጊዜ ሲያልቅ የዓመት ክፍያ ከሒሳቤ ቆርጦ፣ ለማስመለስ ስድስት ሳምንት ደብዳቤ አጻጽፎኛል። በመጨረሻ የተረዳሁት እነዚህን የክፍያ ምንጮች ብዙ የእንግሊዝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢዎቻቸው በነጻ እንደሚያቀርቡ ነው። ካርድ ከማስገባት በፊት ወደ ሰፈር ቤተ መጻሕፍት መሄድ ይሻላል።

የ1911ን ቆጠራ ያየነው በዚሁ መንገድ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ነው። ይህ ቆጠራ ከቀደሙት የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ቆጣሪው የገለበጠው መዝገብ ሳይሆን ቤተሰቡ ራሱ የሞላው ቅጽ ተጠብቆ ቆይቷል፤ በተጨማሪም ያገባች ሴት በሕይወት የወለደቻቸው፣ ያሉላትና የሞቱባት ልጆች ቁጥር ተጠይቋል። ቆፋሪው 63 ዓመቱ ነው፤ ከጉድጓድ ወጥቶ በላይ ከሰል ይለያል። በ1909 መከፈል የጀመረው የመንግሥት የዕድሜ ጡረታ የሚሰጠው 70 ዓመት ለሞላው ነበርና ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል። በልጆቹ ዓምድ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ 11፣ 6፣ 5። አሥራ አንድ ተወለዱ፣ ስድስት አሉ፣ አምስት ሞቱ።

እኛ እስከዚያ ቀን የምናውቀው ስድስት ልጆችን ነበር። አምስቱ በሁለት ቆጠራዎች መካከል ተወልደው በሁለት ቆጠራዎች መካከል የሞቱ ስለሆኑ በአንዱም ላይ አይታዩም። ወደ ምዝገባ ቢሮው ማውጫ ተመለስን፤ የቤተሰቡን ስምና የእናቲቱን የቀድሞ ስም አንድ ላይ አስገብተን የልደቶቹን ዝርዝር አወጣን፤ ከዚያም በሞት ማውጫው ላይ፣ አዲሱ ማውጫ የሟችን ዕድሜ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለሚያሳይ፣ ዕድሜያቸው ዜሮ፣ አንድና ሁለት የሆኑትን ፈለግን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስቱንም አገኘናቸው። ሁለቱ አንድ ስም አላቸው፤ የመጀመሪያው ሲሞት ስሙ ለተከታዩ ተሰጥቶ ነበር፣ ተከታዩም አልቆየም። በዘመናት መካከል ማንም ያልጠራቸውን ስሞች አማቴ ቀስ ብለው አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ።

ያንኑ ቅጽ አጉልተን ስናየው ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። ቆፋሪው በ1870 ሲያገባ በጋብቻ መዝገቡ ላይ የፈረመው በመስቀል ምልክት ነው፤ ሚስቱም እንዲሁ። በ1911ዱ ቅጽ ላይ ያለው ግን የተማረ ሰው የተስተካከለ ጽሕፈት ነው። አማቴ «ጂ» የምትባለውን ፊደል ጅራት፣ ወደ ግራ ተጠቅልላ ወደ ላይ የምትመለሰውን፣ ጣታቸውን አስጠግተው አዩና «ይህን እጅ አውቀዋለሁ» አሉ። ቤት ስንመለስ ከመሳቢያቸው የገና ካርድ አወጡ፤ ልጅ ሳሉ የአያታቸው እኅት የላከችላቸው ነው። ጅራቱ አንድ ነው። በቅጹ ላይ ይህች ሴት የ25 ዓመት ወጣት፣ ያላገባች፣ ከወላጆቿ ጋር የምትኖር ሆና ተመዝግባለች። አባቷ የሚናገረውን እየሰማች የሞቱትን ወንድሞችና እኅቶቿን ቁጥር የጻፈችው እሷ ነች ብለን እናምናለን።

ከዚህ ወዲህ ያለው መንገድ ይጠባል። የ1921 ቆጠራ የአሠሪውን ስም ስለሚጨምር ለሠራተኛ ቤተሰብ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ቆፋሪው በ1919 ስለሞተ ለእሱ ባይደርስም ለልጆቹ ረድቶናል። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ወድሟል፤ በ1941 ቆጠራ አልተካሄደም፤ በመካከል ያለው በሴፕቴምበር 29 ቀን 1939 የተዘጋጀው የነዋሪዎች መዝገብ ነው። የአማቴ አያት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ እንደሆነ ለማወቅ ያደረግነው ሙከራ አልተሳካም፤ የተራ ወታደሮች ማኅደር አብዛኛው በ1940 በለንደን በደረሰ የቦምብ ቃጠሎ ጠፍቷል።

ስለዚህ ፋሚሊሰርችን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን ነጥብ የምቀንሰው ስለ ጋራው ዛፍ ነው፤ ጀማሪው ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት እሱ ስለሆነና ያልተረጋገጠውን ከተረጋገጠው ለይቶ በጉልህ ስለማያሳየው። ለሰበካ መዛግብት ፎቶዎቹ ግን ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። አባቱ ወይም አያቱ በጉልበት ያደረ፣ በእጁ አንድ ምስክር ወረቀት ብቻ ያለው ሰው ከዚህ ይጀምር፤ የምዝገባ ቢሮውን ማውጫ ከጎኑ ይክፈት፤ ገንዘቡን ለአባልነት ሳይሆን ለሁለት ሦስት ምስክር ወረቀቶች ያውጣው።

የሚቀጥለው ወር ሐሙስ ወደ ዱርሃም አውራጃ መዝገብ ቤት እንሄዳለን። በ1869 የተቋቋመው የዱርሃም ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር መዛግብት እዚያ ስለሚገኙ የቆፋሪውን ስም በእነዚያ ውስጥ እንፈልጋለን። አማቴ ግን ከሁሉ በፊት የሚያስወጡት የቀብር መዝገቡን ነው፤ የአምስቱን ሕፃናት ስምና የሞቱበትን ዓመት በትልልቅ ፊደል ጽፈው ከገና ካርዱ ጋር በቦርሳቸው ይዘዋል።